የዴሳንካ መንጋጋ

ዴሳንካ ወጥ ቤቷ ውስጥ ቀኝ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ተቀምጣለች፤ ጎረቤቷ ሮክሳንዳ የጥቅል ጎመን ቅጠል ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በመዳመጫ ትደቁስላታለች። የተደቆሰው ቅጠል ራኪያ የተባለው የፍራፍሬ አረቄ ይርከፈከፍበትና ጉልበቷ ላይ ይጠቀለላል፤ በላዩ የሟች ባሏ የክረምት ሻርፕ ይታሰርበታል፤ ከዚያ እስኪሞቅ ይጠበቃል። የመስከረም ፀሐይ ገና በማለዳው ግድግዳውን አግሎታል፤ መስኮቱ ግን ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል፤ በበሩ ሥር ያለው ክፍተት እንኳ በአሮጌ ፎጣ ተወትፏል። ሮክሳንዳ በዓለም ላይ ያለ በሽታ ሁሉ፣ ከአንገት ሕመም እስከ ኩላሊት ሕመም፣ በመስኮት ገብቶ በበር በሚወጣ ንፋስ እንደሚመጣ ታምናለች፤ ይህንንም የምታስረዳው በተዘጋው ክፍል ውስጥ ሲጋራውን በሲጋራ እየለኮሰች ነው። አንድ ቀን ዴሳንካ ዓይኗ በጭስ ቢያለቅስባት ቀስ ብላ ጠይቃት ነበር። ጭስ ሰው አይመታም ተባለች። ዴሳንካም አልተከራከረችም፤ እሷም ብትሆን ከልጅነቷ ጀምሮ የምታምነው ይህንኑ ነው።

የዚያን ቀን የደም ምርመራዋን ውጤት የምትሰማበት ቀን ነበር። ዴሳንካ ሰው ሠራሽ ጉልበት ሊገባላት ለዓመታት ወረፋ ስትጠብቅ ኖራለች። የምትኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰሩ ከዩጎዝላቪያ ጋር አብሮ የሞተ ነው፤ ገበያ ወርዳ ለመመለስ በየፎቁ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ታርፋለች፤ ጎረቤቶችም እያለፏት ሲወጡ «አይዞሽ» ይሏታል፤ እሷ ደግሞ ከምንም በላይ የምትጠላው አይዞሽ መባልን ነው። ወረፋው በስንት መከራ ደረሰ ሲባል ቀዶ ሐኪሙ ደሟን አይቶ መለሳት። ሰውነቷ ውስጥ ብግነት አለ፤ የቆየ፣ ሥር የሰደደ ብግነት፤ እንዲህ ባለ ሰውነት ውስጥ ብረት አላስገባም አላት። ሁለት ጊዜ ተመለሰች። ሦስተኛው ውጤት ዛሬ ነው፤ ካልወረደ ቦታዋ ለሌላ ተሰጥቶ እሷ ወደ ሰልፉ ጭራ ትሄዳለች። በእሷ ዕድሜ የሰልፉ ጭራ የሚገኘው መቃብር በር ላይ ነው።

እንዳትታማ ደግሞ የታዘዘችውን ሁሉ አድርጋለች። የአሳማ ጮማ ትታለች፤ ሥጋ የተጠቀለለበትን ቡሬክ ትታለች፤ ስኳር ትታለች፤ ራኪያንም ለጉልበቷ ፈቅዳ ለጉሮሮዋ ከልክላለች። ዓሣ፣ ባቄላ፣ ዋልነትና ቅጠላ ቅጠል በልታለች። በኒሻቫ ወንዝ ዳር ከዘራዋን እየጎተተች ተራምዳለች፤ በጊዜ ተኝታለች። በበጋው በሟች ባሏ እህት ልጅ ሠርግ ላይ እንኳ ሰው ሁሉ በጥብስ እጁን ሲያወዛ እሷ የተቀቀለ ዝኩኒ ፊት ለፊቷ አስቀምጣ እንደ ለቅሶ ቤት ተቀምጣለች። ቀሚሶቿ ሰፉ፣ ጉንጯ ጎደጎደ፣ ደሟ ግን ንቅንቅ አላለም።

አውቶቡሱ ውስጥ አንድ ጎረምሳ ሙቀቱ ቢብስበት መስኮት ከፈተ። ወዲያው ከኋላም ከፊትም ጉርምርምታ ተነሣ፤ አንዷ ጆሮዋን ያዘች፣ አንዱ ሰውዬ አንገቱን በጋዜጣ ሸፈነ። ዴሳንካ ከዘራዋን ዘርግታ መስኮቱን እሷው ዘጋችው፤ ልጁንም የማንን ሞት ነው የምትሻው ብላ ጠየቀችው። ልጁ ይቅርታ ጠይቆ ላቡን ጠረገ። ከዚያ እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ ሁሉም በሰላም እንደ ድንች እየተቀቀለ ሄደ።

ዶክተር ኢሲዶራ ገና ልጅ ናት፤ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ ትሰካለች፤ በሽተኛን ሳትቸኩል ታያለች፤ በዚህም ምክንያት ደጇ ላይ ሁልጊዜ ሰልፍ አለ። ውጤቱን ኮምፒዩተሩ ላይ አየችና እንደገና ከላይ ጀምራ አነበበችው። ዴሳንካ ድጋሚ ማንበቧን አልወደደችውም።

«አልወረደም» አለች ዶክተሯ። «እንዲያውም ትንሽ ወጣ ብሏል።»

ዴሳንካ ተናደደች። ዓሣ ከመብላቷ የተነሣ የሰፈሩ ድመት ሁሉ ደረጃው ድረስ እየተከተላት እንደሆነ፣ ከዚህ በላይ መሬት ላይ ያለ ምግብ ሁሉ ሊቀርባት እንደሆነ፣ ጎመኑንም ቢሆን በአፍም በጉልበትም እየወሰደችው እንደሆነ ተናገረች። ዶክተሯ አስጨርሳት ስታበቃ እንደገና ከሥሩ አስረዳቻት። ጣት ሲቆረጥ ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይግላል፤ ይህ ሰውነት ራሱን ሲከላከል ነው፤ ዘበኛ ሌባ ሲያይ ጥይት እንደሚተኩስ ማለት ነው፤ ሌባው ሲያዝ ዘበኛው ይተኛል። ሥር የሰደደ ብግነት ግን ዘበኛው ሌሊት ከቀን ሳይተኛ ሲተኩስ ነው፤ የራሱን ቤት መስኮት ሳይቀር ይሰባብራል፤ ልብም ይጎዳል፣ ደም ሥርም ይጎዳል፣ መገጣጠሚያም ይጎዳል። አመጋገቡ፣ እርምጃው፣ እንቅልፉ ሁሉ ዘበኛውን ያረጋጋዋል፤ መልካም ነው፣ ይቀጥሉበት። ሌባው አሁንም ቤት ውስጥ ካለ ግን ዘበኛው እንዴት ብሎ ይተኛል?

«እስቲ አፍዎን ይክፈቱልኝ» አለቻት።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ ዴሳንካ ከንፈሯን ገጠመች። «ጥርሴ ደህና ነው። ወንድሜ የጥርስ ሐኪም ነው።»

ይህች ዓረፍተ ነገር እስከዛሬ አሳፍራት አታውቅም። ቀዶ ሐኪሙም ስለ ጥርሷ በጠየቃት ጊዜ ይህንኑ ብላው፣ እንግዲያው እድለኛ ነዎት ብሎ አልፏታል። ኢሲዶራ ግን አላለፈቻትም።

«የወንድምዎን አፍ አይደለም ይክፈቱ ያልኩት።»

ተከፈተ። ዶክተሯ በትንሿ መብራት ወደ ውስጥ አየችና ፊቷን ቅጭም አደረገች። ከታች በቀኝ በኩል የመንጋጋ ጥርሷ ግማሹ ተቦርቡሮ አልቋል፤ ድዱ ተቆጥቶ ጠቁሯል፤ በጣቷ ነካ ስታደርገው መግል ወጣ፤ ዴሳንካም ከሕመሙ የተነሣ ከወንበሩ ብድግ ብላ ተመለሰች። ስንት ጊዜው ነው ተብላ ስትጠየቅ አላስታውስም አለች፤ በግራ በኩል ማኘክ ከለመደች ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ ሲብስባት ቅርንፉድ ትወትፍበታለች። ወንድምዎ መቼ ነው ያየዎት ስትባል እናታችን ሳትሞት አለች። እናትዎ መቼ ነው የሞቱት ስትባል ዘጠኝ ዓመት አለፋት አለች። ዶክተሯ በረጅሙ ተነፈሰችና ኮሪደሩን ተሻግሮ የጥርስ ክፍል እንዳለ፣ ሐኪሙም ጎበዝ እንደሆነ፣ አሁኑኑ ደውላ እንደምታስገባት፣ ለቀዶ ሐኪሙም ሌባው ተገኝቷልና ጥቂት ሳምንት ታገሠን ብላ ራሷ እንደምትለምንላት ነገረቻት።

«አይሆንም» አለች ዴሳንካ። «የቲሆሚር እህት አፏን ለባዕድ ከፈተች ሊባል ነው? ነገ ከተማው ምን ይላል? ለእህቱ ያልሆነ ለእኛ ይሆናል ወይ ይላል። እንጀራውን ልዘጋበት ነው?»

«እንግዲያው እሱ ዘንድ ይሂዱ።»

«አንነጋገርም።»

ኢሲዶራ እርሳሱን ከፀጉሯ አወጣችና መልሳ ሰካችው። «ቆይ፤ ተጣልታችኋል። አይደለም?»

«ተጣልተናል።»

«ግን ስሙ እንዳይጠፋ ብለው ጥርስዎን አበሰበሱ።»

«ምኑ ነው የማይገባሽ፣ ልጄ? ጠብ የቤት ነው፤ ስም የአደባባይ ነው።»

ዶክተሯ ከዚያ በላይ አልተከራከረችም። ጥርሱ ዛሬ ካልወጣ ለቀዶ ሐኪሙ የምትደውለው ወረፋውን ለሌላ ስጥ ለማለት እንደሆነ ብቻ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ ነገረቻት። ቀጥሎም ወደ በሩ አየች፤ ሌላ በሽተኛ ይጠብቃል።

የነገሩ ሥር እንዲህ ነው። እናታቸው ዘጠናን አልፋ አልጋ ላይ በዋለች ጊዜ ያስታመመቻት ዴሳንካ ናት፤ መስኮቱን ጠርቅማ፣ ሦስት ብርድ ልብስ አልብሳ፣ ሌሊቱን ወንበር ላይ እያደረች። አንድ ቀን ገበያ ደርሳ ስትመለስ መስኮቱም በሩም ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ መጋረጃው ይርገበገባል፤ ቲሆሚር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። እናትየው በሁለተኛው ሳምንት ሞተች። ሐኪሞች ልብ ነው አሉ። ዴሳንካ ያ ልብ ዘጠና ዓመት ሲመታ የኖረ ነው፣ የገደላት ንፋስ ነው አለች፤ ያለችውም በቀብሩ ላይ፣ ቄሱ እየሰሙ፣ ሰው ሁሉ ሻማ ይዞ በቆመበት ነው። «ገዳይዋም ሻማ ይዟል» አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቃሉ ከቀብረተኛው ቀድሞ ከተማ ገባ። ቲሆሚር አንዲት ቃል አልመለሰም። አርባዋን በመቃብሩ ግራና ቀኝ ቆመው አወጡ፤ ሙት ዓመቷን እሱ ጠዋት፣ እሷ እኩለ ቀን ላይ እየሄዱ ኖሩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የዴሳንካ ዝምታ ግን መንጋጋዋ ውስጥ ነቅዟል።

የቲሆሚር ክሊኒክ ከጤና ጣቢያው ብዙ አይርቅም፤ ዴሳንካ ግን እየቆመች፣ ሱቅ እያየች፣ የማትገዛውን ጫማ ዋጋ እየጠየቀች ብዙ ጊዜ ፈጀች። በየግቢው ቀይ ቃሪያ ይጠበሳል፤ ወሩ ነውና ከተማው በሙሉ የተቃጠለ የቃሪያ ልጣጭ ይሸታል፤ ሴቶች በጆንያ የገዙትን ምጣድ ላይ እየገለበጡ ለክረምት ያዘጋጃሉ። ዘንድሮ ቃሪያው እንደ ወርቅ ተወዷል ይባላል፤ ዓምናም እንዲሁ ተብሏል። ዴሳንካ በሩ ላይ በናስ ሰሌዳ የተለጠፈውን የወንድሟን ስም አየች። ናሱ ተወልውሏል። ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም ተናደደች፤ በዚያው ንዴት ገባች።

ኔቬንካ ከቲሆሚር ጋር ስታገለግል ያረጀች ነርስ ናት፤ ወፍራም፣ ልበ ሰፊ፣ ምስጢር የማይገርማት። ዴሳንካን ስታይ ምንም ሳትጠይቅ ከዘራዋን ተቀብላ ወንበሩ ላይ አስተኛቻት። ሌላ በሽተኛ የነበረ ቢሆን አስነሥታ ታባርረው ነበር። ቲሆሚር እጁን እየታጠበ ዞር ሲል አያት። ፀጉሩ ሸብቷል። ዴሳንካ ይህን አላሰበችውም ነበር፤ በሐሳቧ የምትጣላው ሰው ፀጉሩ ጥቁር ነው። እሱም ቀዝቀዝ ብሎ ቆመና ጓንቱን አጠለቀ።

«ኔቬንካ፣ ወይዘሮዋ አፋቸውን ይክፈቱ በያቸው።»

ኔቬንካ ነገረቻት። ዴሳንካ ከፈተች። ቲሆሚር ወደ ውስጥ ተመልክቶ መስታወቱን ይዞ ቀረ፤ ዓይኑ ቀላ። አንድ የጥርስ ሐኪም የገዛ እህቱ አፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ የሚሰማውን መገመት አያዳግትም። ማን ነው እስከዛሬ ያያቸው ብለሽ ጠይቂያቸው አለ። ማንም አላየኝም፣ ለማን አሳያለሁ በይልኝ አለች ዴሳንካ። ቲሆሚር ይህን ሲሰማ ወደ መድኃኒት ሳጥኑ ዞረና የማይፈልገውን ዕቃ ሲፈልግ ቆየ። ከዚያ ማደንዘዣው ተወጋ፤ ደነዘዘ ወይ ተብሎ በኔቬንካ በኩል ተጠየቀ፤ ግማሹ ደንዝዟል ተብሎ በኔቬንካ በኩል ተመለሰ፤ ዶክተሩ እጃቸው እንደ ድሮው ከባድ ነው በያቸው ተባለ፤ ወይዘሮዋ ምላሳቸው እንደ ድሮው ነው፣ እሱ አልደነዘዘም በያቸው ተባለ። መንጋጋው ወጣ ሲሉት እየተሰበረ፣ ሥሩ ለብቻው እየቀረ፣ ሁለቱንም አላባቸው።

በመጨረሻ ሥሩም ወጥቶ ሲያበቃ ኔቬንካ ትሪውን አነሣች። «እኔ ነርስ ነኝ እንጂ ፖስታ ቤት አይደለሁም» አለችና ወደ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች።

ቲሆሚር የተጠቀለለ ፋሻ ቁስሉ ላይ አደረገ። የሚያስተላልፍለት ሰው ፈልጎ የተዘጋውን በር አየ፤ ሰው የለም። ግዴታ ሆኖበት ራሱ ተናገረ። «ንከሺው። ግማሽ ሰዓት አፍሽን እንዳትከፍቺ። ደሙ ካልረጋ ቁስሉ ይመረቅዛል፤ ቁስሉ ከመረቀዘ ጉልበት የሚባል ነገር እርሺው።» ስለ ጉልበቷ ማን እንደነገረው ዴሳንካ ልትጠይቅ ፈለገች። ወዲያው የከተማው ወሬ ሁሉ የሚደርሳት ኔቬንካ ትዝ አለቻትና ነከሰች።

ዴሳንካ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ስታርፍ፣ ድስት ስታማስል፣ እንቅልፍ እምቢ ሲላት፣ ለወንድሟ የምትመልሰውን መልስ ስታዘጋጅ ኖራለች። ይቅርታ ቢላት የምትለው አላት፤ ቢክዳት የምትለው አላት፤ ቢቆጣ የምትለውማ ትልቁ ነው። አሁን ሰውዬው ፊት ለፊቷ በርጩማው ላይ ተቀምጧል፤ አፏ ግን በፋሻ ተለጉሟል። ይህ ሁሉ የተሰናዳ ነገር ለአንድ ጉልበት ሲባል ሆድ ውስጥ ሊቀር ነው።

ቲሆሚር ጓንቱን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አጣጠፈው። መጀመሪያ ስለ ጥርሱ አወራ፤ እንዲህ ያለ መግል በደም እየገባ ሰውነትን በሙሉ እንደሚያስቆጣ፣ ጎመን ቢደቆስ ቢጠቀለል እንደማይደርስበት። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄደና ጀርባውን ሰጥቷት ቆመ።

«እናታችን ናት ክፈተው ያለችኝ» አለ። «ዴሳ ገበያ ወርዳለች፣ ሳትመለስ ክፈትልኝ አለችኝ። ግቢ ውስጥ ቃሪያ እየጠበሱ ነበር። የቃሪያውን ሽታ ሳልሸት ልሙት እንዴ አለችኝ።»

ዴሳንካ እጇን የወንበሩ ክንድ ላይ አጠበቀች።

እናቲቱ መስኮቱ ሲከፈት ዓይኗን ጨፍና ሽታውን እየሳበች ዘንድሮ ማን አብዝቶ እንደጠበሰ፣ ማን እንዳሳረረ ስትናገር ቆየች፤ በዚያ በጋ ሙሉ እንዲህ ስታወራ ሰምቷት አያውቅም ነበር አላት። ከዚያ አስማለችው። ዴሳ እንዳትሰማ፣ ሌሊቱን በወንበር እያደረች ለእኔ ስትደክም መስኮት መዝጋቷን የነቀፍኩባት መስሏት ታዝናለች አለችው። ማለ። በቀብሩ ላይ ዴሳንካ ያንን ስትናገር ደግሞ ምን ይበል? ገና አፈር ያልለበሰችን እናት ምስክር ሊጠራ? ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ግን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ፣ ዝም ያለው ስለ መሐላው ብቻ አልነበረም። ተበድሎ መቀመጥ ተመቸው። ሰው ሲጠይቀው አንገቱን ደፍቶ ተዉት ማለት ጥሩ ሆኖ አገኘው፤ ዓመት ዓመትን ወለደ።

ዴሳንካ ካዘጋጀቻቸው መልሶች አንዱም ለዚህ አይሆንም። ፋሻውን አውጥታ አንድ ነገር ልትል ቃጣች፤ ጉልበቷ ትዝ አላትና ተወችው። ስታለቅስ እንኳ ጥርሷን ነክሳ ነው ያለቀሰችው። እናቷ ፈርታት ነበር። የሚያስለቅሳት ይኸው ነው፤ እናቷ የቃሪያ ሽታ እንደ ልጅ ተደብቃ ነው የሸተተችው። ቲሆሚር ዞሮ ሲያያት ሕመሙ መስሎት ሊያጽናናት ጀመረ፤ ቀጥሎ ሕመሙ እንዳልሆነ ገባውና መሐረብ ሰጣት። እሱም ለራሱ ሌላ ፈለገ።

ሰዓቱን አይቶ ፋሻውን አወጣላት። ደሙ ረግቷል። «በይ፣ አሁን መናገር ትችያለሽ» አላትና ወንበሩን ቀና አድርጎ ክንዱን አጣጥፎ ቆመ፤ ሊመጣ ያለውን ሁሉ ለመቀበል የተሰናዳ ይመስላል።

ዴሳንካ የፊቷ ግማሽ ደንዝዟል። ምላሷን ሰበሰበች።

«ይኸኛውም ያመኛል» አለች፤ በግራ በኩል ከላይ ያለውን በጣቷ እየጠቆመች።

ቲሆሚር መስታወቱን አንሥቶ ጎንበስ አለ። ጥርሱን በመስታወቱ እጀታ መታ መታ አደረገው፤ ዴሳንካ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም። ድዱን ተጫነው፤ ጤነኛ ነው። ጥርሱ ዋልነት ከነቅርፊቱ የሚሰብር ነው። በዚህ መሐል ኔቬንካ ከጓዳ ወጥታ ከትከሻው በላይ ወደ አፏ አየችና ልትናገር ከንፈሯን አላቀቀች፤ ቲሆሚር ቀና ብሎ አያት፤ መልሳ ገጠመችው።

«ይሄ ከባድ ነው» አለ ቲሆሚር ቀስ ብሎ። «በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም። ብዙ ምልልስ ይጠይቃል።»

«እኔም ፈርቼ ነበር» አለች ዴሳንካ።

«ሐሙስ ነይ፣ እታለም። ጠዋት። ቁርስ ሳትበዪ።»

«ለጥርስ ደግሞ ቁርስ ሳይበላ ነው እንዴ?»

«እዚህ እንበላለን» አላት፤ ከዘራዋንም ራሱ አቀብሏት ደረጃውን ክንዷን ይዞ አወረዳት።